ደራሽ ምልክት፦ «ሲግናል»ን በአማርኛ

ራቅ ብሎ በዘነበ ዝናብ ድንገት የሚሞላውን ወንዝ አማርኛችን «ደራሽ» ይለዋል። በሲ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች «ሲግናል» ለሚሉት ነገር «ደራሽ ምልክት» የሚል ስያሜ የማቀርበው ከዚህ ተነሥቼ ነው። «ምልክት» ብቻውን ይሰፋል፤ የመንገድም የበሽታም ምልክት አለ። የሲግናል ዋና ጠባይ ግን ፕሮግራሙ ሳይጠራው፣ የትኛውም መስመር ላይ ሳለ መድረሱ ነው።

«ኢንተረፕት» ሌላ ነው፤ እሱን «ማቋረጫ» እንበለው። ማቋረጫ ከመሣሪያ ወደ ፕሮሰሰር ይሄዳል፣ ደራሽ ምልክት ከስርዓተ ክወናው ወደ ፕሮግራሙ። ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ስንጫን ኪቦርዱ ማቋረጫ ይልካል፤ ከርነሉም ተቀብሎ ለፕሮግራሙ ቁጥር 2ን፣ ሲግኢንትን፣ ያደርሳል።

ይህ ዕውቀት የት እንደሚጠቅም ለማሳየት ኡም ራኩባን ልውሰድ። በሱዳን ገዳሪፍ ያለው ይህ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አስጠልሏል፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት እንደገና ተከፈተ። እዚህ ስም መዝገብ ላይ መኖሩ ራሽን ነው። የምዝገባ ፕሮግራም በሲ ተጽፎ ሊኑክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል እንበል። ባትሪው ሲያልቅ ስርዓቱ ለመዘጋት መጀመሪያ ሲግተርምን (15) ይልካል፤ ጥቂት ይታገሣል፤ ከዚያ ሲግኪል (9) ይከተላል። ፕሮግራሙ ካልተዘጋጀ ሲግተርም ራሱ ይገድለዋል፤ በቋት (በፈር) ውስጥ የቆዩት ስሞችም ዲስክ ሳይደርሱ ይጠፋሉ። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ቋቱ በ4096 ባይት ሲራገፍ አንዲት ፊደል ከመሐሏ ልትቆረጥ ትችላለች።

ስለዚህ ምልክቱን የሚያስተናግድ ተግባር፣ «ተቀባይ»፣ እንጽፋለን። ብዙዎች ተቀባዩ ውስጥ ፕሪንትኤፍን ይጠራሉ፤ ይህ አደገኛ ነው። ምልክቱ የደረሰው ዋናው ፕሮግራም ራሱ ፕሪንትኤፍ ውስጥ ሳለ ከሆነ፣ ቋቱ ሊበላሽ ወይም ፕሮግራሙ ራሱ የያዘውን ቁልፍ (ሎክ) ሲጠብቅ ለዘላለም ሊቆም ይችላል። ተቀባዩ አንድ ነገር ብቻ ያድርግ፦ «ቮላታይል ሲግ አቶሚክ ቲ» በተባለ ዓይነት የታወጀን ተለዋዋጭ 1 ያድርግ። ስሞቹን መጻፍና ፋይሉን መዝጋት የዋናው ዙር (ሉፕ) ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ሰውን ብዙ ጊዜ የሚያደክም ነገር አለ። ፕሮግራሙ የሚቀጥለውን ስም ከኪቦርድ እየጠበቀ ሳለ ምልክቱ ቢደርስ፣ ተቀባዩን በ«ሲግናል» ተግባር ካስመዘገብነው፣ በሊኑክስ ንባቱ እንደገና ይጀምራል፤ ተለዋዋጩ 1 ሆኖ ሳለ የሚያየው የለም። በ«ሲግአክሽን»፣ «ኤስኤ ሪስታርት» የሚባለውን አማራጭ ሳንጨምር ስናስመዘግበው ግን ንባቱ በ«ኢ-ኢንተር» (የመቋረጥ) ስሕተት ይመለስና ዙሩ ይነቃል።

ሲግኪልን ማንም ተቀባይ አይቀበለውም። ለእሱ ያለው መከላከያ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደተመዘገበ ቋቱን አራግፎ በ«ኤፍሲንክ» ዲስክ ላይ ማሳረፍ ነው።