የመንደፊያ ኮድና የአባላት መዝገብ፦ ከጄኔቫ እስከ አፎልተርን

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን በአፎልተርን፣ በ1934 ከዙሪክ ከተማ ጋር በተዋሐደው በዚያ ሰፈር፣ ከቤታችን ምድር ቤት ከካርቶን ውስጥ የወጣ አንድ የአባላት መዝገብ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመሣሪያ የሚጻፍ ኮድ ታሪክ ከስዊስ ምድር ጋር ያለው ዝምድና ከሚገመተው በላይ ነው። ፕሮፌሰር ኒክላውስ ቪርት ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በ1970 ያወጡት በዙሪክ የፌዴራል ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በጄኔቫ ደግሞ ቲም በርነርስ-ሊ በ1990 የመጀመሪያውን የድር ማንበቢያ በሰርን የሠሩበት የኔክስት ኮምፒዩተር፣ ፈረንሳዊው ዣን-ማሪ ዩሎ ያበጁትን የገጽታ መንደፊያ የያዘ ነበር። በመንደፊያው መስኮቱንና አዝራሩን በማውስ እየጎተቱ ያኖራሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን መንደፊያው ለመልኩ ኮድ አለመጻፉ ነው፤ የተነደፈውን እንዳለ በፋይል አኑሮ፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ መልሶ ሕይወት ይዘራበታል።

ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ የፓስካል ዝርያ የሆነውን ዴልፊን ለገበያ ያቀረበው በፌብሩዋሪ 1995 ነው። በዚያው ወር ፕሮፌሰር ቪርት የሶፍትዌርን ያለ ልክ መወፈር የሚነቅፍ ጽሑፍ አሳተሙ። ወቀሳው ለዴልፊ የተጻፈ አልነበረም፤ ቢሆንም የልጅ ልጅ በተወለደበት ወር አያት መቈጣታቸው ያስገርማል። (በጃንዋሪ 2024 አርፈዋል።) ዴልፊ የመስኮቱን ስፋት፣ የአዝራሩን ስፍራና ጽሑፍ፣ የፊደሉንም ቅርጽ ስም በአንድ የቅጽ ፋይል ያኖራል። አዝራሩን ሁለቴ ሲጫኑት ደግሞ በፓስካሉ ፋይል ውስጥ ለሚፈጸመው ሥራ ባዶ ስፍራ ከፍቶ ይጠብቃል። የአገራችን ክታብ ጸሐፊ ጸሎቱን አስቀድሞ ጽፎ የባለቤቱን ስም ስፍራ ባዶ እንደሚተው መሆኑ ነው።

እኛም በ1996 መዝገቡን በሁለት ቅዳሜ ሠርተን ጨረስን፤ ተደነቅንም። የመዋጮውን ስሌትና የውዝፉን ቁጥጥር በዚያ ባዶ ስፍራ ሞላነው። ስሌት ከመልክ ተለይቶ በራሱ ፋይል መቀመጥ እንዳለበት ለተማሪዎቻችን እያስተማርን፣ በራሳችን ቤት ግን ቸኮልን።

የፊደሉ ነገር ከዚህ የባሰ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ የፊደል ቅርጽ ከ256 የማይበልጥ ስፍራ ሲኖረው፣ ዩኒኮድ በ1999 በ3.0 እትሙ ፊደላችንን ሲቀበል የቈጠረው 345 ምልክት ነው። ስለዚህ አዘጋጆቹ ሆሄያችንን በላቲን ፊደል ስፍራ እየተኩ፣ አንዱ ለሁለት ከፍሎ፣ ሌላው ከቁርጥራጭ ገጣጥሞ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ሥርዓት ሠራ። አንድ አዝራር የሚቀበለው አንድ የፊደል ቅርጽ ብቻ በመሆኑ፣ ሆሄያቱ በሁለቱ ክፍል የተበተኑ ቃል አይጻፍበትም ነበር። ለዚህ ሲባል ስንት ደኅና ቃል ጥለን የማይመስለውን ተካን!

የአባሉ ስም የሚቀመጥበት ሰንጠረዥ የያዘው የላቲን ምልክት ብቻ ነበር። ምልክቶቹ በየትኛው ፊደል እንደሚነበቡ የሚያውቀው መንደፊያው የጻፈው የቅጽ ፋይል፣ በውስጡም አንዲት መስመር ነበረች። እኛ ግን ያ ፋይል መልክ ብቻ መስሎን በ2004 ቅጹን እንደ አዲስ ስንነድፍ አሮጌውን ሰረዝነው። ስሌቱ አብሮት ሄደ። ስሞቹ ቀሩ፤ የቀሩት ግን ነጥብ፣ ሰረዝና የላቲን ሆሄ ሆነው ነው። የጄኔቫ አባላት በሌላ ፊደል የተነደፈ ቅጽ ነበራቸው፤ ሁለቱ ሰንጠረዦች ደግሞ ቀደም ብለው ተዋሕደዋል። ፊደሎቹን የያዙት ዲስኬቶች ዛሬ አይነበቡም።

የኋለኞቹ መሣሪያዎች ጥንቃቄ ጨምረዋል። የማይክሮሶፍት ዶትኔት በ2002 መንደፊያው የሚጽፈውን ኮድ አትንኩ በሚል ማስጠንቀቂያ አጠረው፤ በ2005 ደግሞ ወደ ሌላ ፋይል ለየው። ይህ ለእኛ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ጥፋቱም የመሣሪያው ሳይሆን የእኛ ነው።

ከካርቶኑ የወጡት በእጅ የተጻፉ የመዋጮ ደረሰኞች ረድተውናል። የታወቀውን ስም ከምልክቱ ጋር እያስተያየን ሆሄ በሆሄ ፈታን፤ ከተፈቱትም መካከል በስደት ያረፉ ወዳጆቻችን ስም አለበት። ስምንት ስሞች ግን በየትኛውም ደረሰኝ ያልተገኘ ምልክት ስላለባቸው እስካሁን አልተነበቡም። ስምንቱም የጄኔቫ ናቸው። ከ1996 እስከ 2004 በጄኔቫ መዋጮ የከፈላችሁ አንባብያን የዘመኑን ደረሰኝ ግልባጭ ለዝግጅት ክፍሉ ብትልኩልን ሥራውን እንቀጥላለን።