የአስተዳደር ሙያ በሐረር፤ ለአቦከር ተማሪ የተጻፈ

ከሐረር ወረዳዎች አንዱ በሆነው በአቦከር ያደገ ወጣት ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ማኔጅመንት የሚባለውን ትምህርት ልምረጥ ወይስ ልተው እያለ ልቡናው በሁለት አሳብ ሲናወጥ፣ ዘመዶቹ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ምክር «የቢሮ ሥራ ነው፣ ያዘው» የሚል አጭር ቃል ነው። ነገር ግን ከተማይቱ ራሷ ብዙ ዓይነት ሹሞችን ስታፈራ የኖረች ስለ ሆነች፣ የወጣቱን ጥያቄ በሐረር ታሪክ መርምሮ መመለስ እጅግ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በዚች አገር «አስተዳዳሪ» ተብሎ በደፈናው የተሾመ ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱ በእጁ የተሰጠው አንድ የታወቀ አደራ ነበረው።

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ከተማይቱን በጁገል ግንብ ካጠሩ ወዲህ፣ በአምስቱ በሮች የሚገባውንና የሚወጣውን የሚጠብቅ፣ የገበያውን ቀረጥ የሚሰበስብ፣ በስመ ጥሩዎቹ ቅዱሳን መቃብር የሚያገለግል፣ ከግንቡ ውጭ ያለውን የገጠር ሕዝብ በገራድነት የሚመራ ሰው ያስፈልግ ነበር። አሚሮቹ የራሳቸውን ገንዘብ ያሠሩ ስለ ነበር፣ ብሩንና ሚዛኑን የሚቆጣጠር ታማኝ ሰው ማግኘትም ግድ ሆነባቸው። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. የቆየው የግብፆች አገዛዝ ሲያልፍ፣ አሚር አብዱላሂም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ከተሸነፉ በኋላ፣ አገረ ገዥነቱ ለራስ መኰንን ተሰጠ።

የራስ መኰንን ቤት፣ እንደኔ አስተያየት፣ በዘመኑ ከነበሩት የአስተዳደር ትምህርት ቤቶች ሁሉ የበለጠ ነበር። ልጃቸው ተፈሪ ገና በአሥራ ሦስት ዓመታቸው በ1898 ዓ.ም. በጋራ ሙለታ ላይ ሲሾሙ፣ የተሰጣቸው ትልቁ ግዛት ሳይሆን ትንሹ አውራጃ ነበር፤ በሰላሌ፣ በባሶና በሲዳሞ እየተሾሙ ካለፉ በኋላ ነው በ1902 ዓ.ም. ወደ አባታቸው መንበር ወደ ሐረር የተመለሱት። በዚሁ ቤት ያደጉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ ከአድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛነትን ጥበብ፣ ኋላም በፈረንሳይ የእርሻን ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱ ግን ጅጅጋን ገዙ፤ በጨርጨር ደግሞ አሰበ ተፈሪን አቋቋሙ፤ ከዚያም በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆኑ። መድፍ የተማረ ሰው ስለ ምን ሕግ ያረቅቃል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ የእኚህ ሰው ሕይወት ራሱ መልስ ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም ያገለገሉበት እያንዳንዱ ሥራ ለሚቀጥለው ያዘጋጃቸው ነበር።

እንዲሁም በአውሮፓ ሕክምና የተማሩት ነጋድራስ (የንግድና የቀረጥ ሹም) ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ወደ ድሬዳዋ ጉምሩክ ነው የተመደቡት። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው፣ ስለ ንግድና ስለ ገንዘብ የሚናገረው ከአዳራሽ ወሬ ተነሥቶ ሳይሆን ዕቃ ሲጫንና ሲራገፍ በዓይኑ እያየ ቀረጥ ካስከፈለ ሰው ልምድ ተነሥቶ ነው። ዛሬ የሒሳብ፣ የሸቀጥና የመጋዘን፣ የሠራተኛ አስተዳደር እየተባለ በየክፍሉ የተለየው ትምህርት ያን ጊዜ በአንድ ነጋድራስ ትከሻ ላይ ያርፍ ነበር፤ ስለዚህ አንዱን ክፍል ለመምረጥ የዘገየ ተማሪ ሊያፍር አይገባውም፣ ይልቁንስ ጥቂቶቹን ሥራዎች በእጁ ዳስሶ እንዲያያቸው እለምነዋለሁ።

ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከአሚሮችም ከራሶችም ሹመት ውጭ፣ ማንም ንጉሥ ያልሾመው አንድ ሥርዓት በሐረር ሰፈሮች ውስጥ እስከ ዛሬ ይኖራል፤ እርሱም አፎቻ ነው። ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹም ለብቻ ተሰብስበው፣ አባላቱን በሰርግ ደስታና በኀዘን ቀን ያገናኛሉ፤ ከቀብር ወይም ከሰርግ የቀረ ሰው ይጠየቅበታል፤ መዋጮው ይሰበሰባል፤ ለመስተንግዶ የሚያስፈልገው ምግብና ዕቃ በየሰው ይደለደላል፤ የተጣላም በሽማግሌዎች ፊት ይታረቃል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው የቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሳይጠበቅ፣ አባላቱ ራሳቸው በመረጡት ሰው ቃል ነው። ሰው በድንገት ሲሞት በአንድ ሌሊት ውስጥ ብዙ ሰው ጠርቶ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ምግቡን ለእንግዳ ሁሉ አዳርሶ፣ ማንንም ሳያስቀይም የሚያሳልፍ የአፎቻ አስተባባሪ፣ በዩኒቨርሲቲው አራት ዓመት የሚዘረዘረውን ዕቅድ፣ አደረጃጀት፣ አመራርና ቁጥጥር በአንድ ቀን ሲሠራ ይታያል። ተማሪው በክረምት ዕረፍቱ ከእንዲህ ያለው ሰው አጠገብ ተቀምጦ መዋጮ በመመዝገብና የቀረውን በማስታወስ ቢያገለግል፣ ከሰው ጋር መሥራት ይስማማው እንደ ሆነ፣ ወይስ መዝገቡና ቁጥሩ ብቻ ይስበው እንደ ሆነ፣ ወይስ ከሁለቱም የሚርቅ ልብ ያለው እንደ ሆነ፣ ከየትኛውም ፈተና ይልቅ በቶሎ ይገለጥለታል።