ቆላ ገብቶ ማሞቂያውን ያጣ መኪና

በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ የገባው የመጀመሪያው አውቶሞቢል የአየር ችግር አልነበረበትም፤ ግድግዳ የለውማ! ነፋሱም፣ አቧራውም፣ ዝናቡም ተሳፋሪውን በበቅሎ እንደሚሄድ መንገደኛ ፊት ለፊት ያገኙታል። ችግሩ የመጣው መኪና ጣሪያና መስታወት ተበጅቶለት ቤት ሲሆን ነው። ሰውን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከዘጉት በኋላ በምን ይተነፍሳል? ፋብሪካዎቹ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ የእንግሊዝን ብርድ፣ የቶሪኖን በረዶ ወይም የአሜሪካን በጋ አስበው ነበር። ሚዛን ተፈሪን ያሰበ አልነበረም።

ከጅማ ተነሥቶ ጎጀብን የተሻገረ መኪና ወደ ቦንጋ ይወጣል፤ ከዚያም በከፋ ደን ውስጥ ተጠማዝዞ ወደ ሚዛን ተፈሪ ይወርዳል፤ ቴፒ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቴፒ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። የቀኑ ሙቀት እስከ 30 ዲግሪ ሲወጣ ሌሊቱ ወደ 15 ይወርዳል። ቆላ ሲባል አፋር ወይም መተማ ለሚታየው ሰው ይህ ሌላ ቆላ ነው፤ እርጥብ ቆላ። የነገራችን ቋጠሮም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የምዕራቡ ቡና ለረጅም ዘመን የመኪና ዕዳ አልነበረበትም። አብዛኛው በበቅሎ ጎሬ ደርሶ ወደ ጋምቤላ ይወርድና በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ገባ። በደርግ ዘመን ደግሞ የቴፒና የበበቃ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች በመንግሥት ይዞታ ሥር ሲለሙ ላንድሮቨሩ፣ ላንድክሩዘሩና ሕዝቡ «ኤንትሬ» የሚለው የፊያት ጭነት መኪና የአገሩ ቤተኞች ሆኑ።

ከነዚህ ውስጥ ስለ አየር ጉዳይ በቅን ልቦና ያሰበው ላንድሮቨር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው ይህ መኪና ብዙም ሳይቆይ ከፊት መስታወቱ ሥር ሁለት ክዳኖች ተበጁለት። ሹፌሩ በእጁ ሲከፍታቸው የውጭው አየር በወንፊት በኩል ቀጥታ ደረቱን ይመታዋል። ቬንትሌተር የለ፣ ሽቦ የለ፣ የሚቃጠል ነገር የለ። ለሞቃት አገር ደግሞ ድርብ ጣሪያ ይሠሩለት ነበር፤ በሁለቱ ቆርቆሮ መካከል አየር ስለሚያልፍ የፀሐዩ ግለት ተሳፋሪው ራስ ላይ አያርፍም።

የክዳኖቹ ጥቅም ግን ከማቀዝቀዝ ያልፋል። እንደ ሣጥን የቆመ መኪና ሲሄድ ከኋላው አየር ይሳሳል፤ የሳሳው አየር አቧራውንና የጭስ ማውጫውን ጭስ ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ ሞቀኝ ብሎ የኋላውን መስኮት ብቻ የከፈተ ሰው ቀዝቃዛ አየር ሳይሆን ጭስ ይጋብዛል። የሚያዋጣው የኋላውን ዘግቶ የፊቱን መክፈት ነው፤ ውስጡ በአየር ሲሞላ አቧራው መግቢያ ያጣል።

ወደ ማሞቂያው እንመለስ። ማሞቂያ ማለት ከዳሽቦርዱ ሥር የተቀመጠች ትንሽ ራዲያተር ናት። የሞተሩ ትኩስ ውሃ በሁለት የጎማ ቱቦ ይገባባታል፣ ይወጣባታል፤ አየር በላይዋ ሲያልፍ ይሞቃል። አንድ ቀን ታፈስሳለች። መለዋወጫው አይገኝም፤ ቢገኝም ውድ ነው። መካኒኩ «ለቆላ ማሞቂያ ምን ያደርጋል?» ይልና ሁለቱን ቱቦ እርስ በርስ አገናኝቶ ይሸኘዋል። ሌላ ቀን ሞተሩ ሲፈላ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ይጣላል። ቴርሞስታት ውሃው 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዝ በር ጠባቂ ነው። በሩ ጠባቂ ሲያጣ ሞተሩ ሁልጊዜ ለብ እንዳለ ይሄዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። የመፍላቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ ማለቁ ወይም የወንዝ ውሃ ራዲያተሩን በዝቃጭ መድፈኑ። ቴፒ ላይ ውሃ ክዳን በሌለው ዕቃ በ96 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ግፊቱን የማይዝ ክዳን የዋዛ ጉዳት አይደለም።

አሁን ዝናቡን አምጡት። ጋቢናው ውስጥ አራት ሰው አለ፣ ልብሳቸው ርሷል፣ ይተነፍሳሉ። መስታወቱ በዝናቡ ቀዝቅዟል። የውስጡ እርጥበት ሄዶ መስታወቱ ላይ ይለጠፍና ጉም ይሆናል። ይህን ጉም የሚያነሣው ሞቅ ያለ የውጭ አየር ነው፤ ማሞቂያው ግን ተነቅሏል። ቢኖርም ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሥራ ስለሚቀልለት ቴርሞስታት የሌለው ውሃ ይቀዘቅዛል፤ መንገዱ እጅግ በሚጠማዘዝበት ሰዓት መኪናው የሚነፋው አየር ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው። ሹፌሩ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ በጨርቅ ይወለውላል። ከፊት የሚመጣውን የጭነት መኪና የሚያየው በዚያች በወለወላት ቀዳዳ ነው።

የማሞቂያን ጤና ለማወቅ መካኒክ መጥራት አያሻም። ሞተሩ ሲሞቅ ሁለቱን ቱቦ በእጅ መዳሰስ ነው፤ ሁለቱም ከሞቁ ውሃው ይዞራል፣ አንዱ ቀዝቅዞ አንዱ ከሞቀ ተደፍኗል ወይም ቧንቧው ተዘግቷል። አየሩ ጨርሶ ካልመጣ ከመስታወቱ ሥር ያለውን መግቢያ ማየት ነው፤ በደን አገር ቅጠል ይሞላዋል። መስታወቱ ላይ የሚቀመጠው ጉም ቅባት ካለውና ጣፋጭ ሽታ ካለው ያች ትንሽ ራዲያተር እያፈሰሰች ነው። ጉሙን ዝናብ መጥረጊያው ካነሣው ደግሞ ያለው በውጭ በኩል ነው፤ ያን ጊዜ ውስጡን መወልወል ድካም ብቻ ነው።

ፎልክስዋገን ለብቻው ይነገር። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ሙቀቱን የሚያመጣው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ካለፈ አየር ነው። እርጥበት ያንን ብረት በዝገት ከበሳው ጭሱ ከሙቀቱ ጋር ጋቢና ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ ነው የሚያመጣው፣ ሲበዛም ይገድላል።

አየር ማቀዝቀዣ በአሜሪካው ፓካርድ ላይ እ.ኤ.አ. ለ1940 ሞዴል ሲገባ የቅንጦት ዕቃ ነበር። እውነተኛ ጥቅሙ በእርጥብ አገር ሌላ ነው፤ አየሩን ሲያቀዘቅዝ ውሃውን ጨምቆ ያወጣል። ስለዚህ ማቀዝቀዣና ማሞቂያን አንድ ላይ የከፈተ ሹፌር እብድ አይደለም፤ መስታወቱ በደቂቃ ይጠራለታል። የተጨመቀው ውሃ የሚወርድባት ቀጭን ቱቦ በጭቃ ከተደፈነች ግን ውሃው ወለሉ ላይ ቀርቶ ተመልሶ ጉም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት የኦዞንን ሽፋን ለመጠበቅ አሮጌውን የፍሬዮን ጋዝ ካስወገዘ በኋላ ደግሞ የድሮ ማቀዝቀዣ አዲሱን ጋዝ እንዲሁ አይቀበልም፤ ዘይቱም፣ ላስቲኮቹም መለወጥ አለባቸው። ይህን ሳያደርጉ የሞሉበት መጭመቂያ ዕድሜው አጭር ነው።

ላንድሮቨር ራሱ እነዚያን ሁለት ክዳኖች ዲፌንደር በተባለው ሞዴሉ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 አስቀራቸው፤ አዲሱ ዳሽቦርድና ማቀዝቀዣው ቦታውን ወስደውት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የመጨረሻው የድሮው ዲፌንደር ከሶሊሃል ፋብሪካ ሲወጣ ክዳኖቹ ከጠፉ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላቸው ነበር።