ሳይሸመን ያለቀ ጨርቅ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በምዕራብ ሕንድ፣ ጉጃራት ውስጥ ፓታን የምትባል ከተማ አለች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኩማራፓላ የሚባል ንጉሥ ነገሠባት። የጃይን ሃይማኖት ተከታይ ነው፤ ለጸሎት ሲሄድ ፓቶላ የሚባለውን የሐር ልብስ ይለብሳል። ልብሱ የሚመጣለት ከሩቅ፣ ከጃልና ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ጉድ ሰማ። ለካ የጃልናው ገዢ ፓቶላውን መጀመሪያ አንጥፎ ይተኛበትና ነው የሚሸጠው! ንጉሡ የሰው አንሶላ ለብሶ ቤተ መቅደስ ሲመላለስ መክረሙ አንገበገበው። ጦር አዘመተ፣ ድል አደረገ፣ ሰባት መቶ የሳልቪ ሸማኔ ቤተሰብ ነቅሎ አምጥቶ ፓታን አሰፈረ።

እንዲህ ይላሉ እንግዲህ። ማን ቆጠራቸው አትበሉኝ፤ አፈ ታሪክ ደረሰኝ አይቆርጥም። ሳልቪዎቹ ግን እውነት ናቸው፤ ዛሬም ፓታን ውስጥ ይሸምናሉ።

አሁን ሥራቸውን ልንገራችሁ። ሌላው ሸማኔ ጥለቱን የሚያወጣው እየሸመነ ነው። ሳልቪው ግን ጥለቱን የሚጨርሰው ሐሩ ገና ክር ሳለ ነው። ድሩንም ማጉንም ለየብቻ ይወጥርና፣ ቀለም እንዳይገባበት የሚፈልገውን ቦታ በጥጥ ክር ጥብቅ አድርጎ ያስራል። ይነክራል፣ ያደርቃል፣ ይፈታል። ደግሞ ሌላ ቦታ ያስርና ለሚቀጥለው ቀለም ይነክራል። ዝሆኑ፣ በቀቀኑ፣ ጨፋሪዋ ሴት፣ ሁሉም ክሩ ላይ ተበታትነው ይጠብቃሉ። የዝሆኑ ኩምቢ ድሩም ላይ አለ፣ ማጉም ላይ አለ፤ የድሩ ቀይ የማጉን ቀይ ካላገኘ ኩምቢው ኩምቢ አይሆንም።

ወደ አንድ ጎን ባዘነበለው መሸመኛ ላይ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። ጥቂት ሸምነው ቆም ይላሉ፤ በመርፌ ክሩን ገፋ፣ ሳብ፣ ገፋ እያደረጉ ድሩን ከማጉ ያገጣጥማሉ። ትንሽ የተንሸራተተ ክር በመርፌ ይመለሳል፤ ሲታሰር የተሳተውን ግን መርፌ አያድነውም። ቀኑን ሙሉ ተደክሞ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አያልፍም። ሳሪ የሚባለው የሴቶች ልብስ አንዱ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሲያልቅ ፊትና ጀርባ የለውም፤ በየትኛውም ጎን ቢለበስ ያው ነው። ይህን ሁሉ አይቶ ዋጋ ቀንሱ የሚል ገዢ እኔን ይደንቀኛል።

ፓቶላ ባሕርም ተሻግሯል። የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ቅመም ፍለጋ ኢንዶኔዥያ ሲገባ፣ የደሴቶቹ ገዢዎች ይህን ጨርቅ አጥብቀው እንደሚሹ አየ፤ እጅ መንሻ አደረገው። እዚያ በየመኳንንቱ ቤት ቅርስ ሆኖ ተቀመጠ፤ ለበዓልና ለታላላቅ ሰዎች ቀብር ይወጣ ነበር። በሽታ ይፈውሳል ብለው የሚያምኑም ነበሩ።

ወደ ጉጃራት ስንመለስ፣ አሁን ራጅኮት በምትባለው ከተማ ማጉ ብቻ ታስሮ የሚነከር ፓቶላ ይሠራል፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። አልነቅፈውም፣ ያምራል። ፓታን ግን የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ ያዘዘ ሰው ወረፋ ይጠብቃል። ሴት ልጇን በፓቶላ ልትድር ያሰበች የጉጃራት እናት፣ ልጅቷ ሳትታጭ ብታዝ ይሻላታል።