ብርሃን በማን ዓይን ይለካ? የደንደሴዎች ሬቲና ከቢሾፍቱ አንጻር

መግቢያ

ቢሾፍቱ ውስጥ የዶሮ እርባታ፣ የወተት ላምና የእሳተ ገሞራ ሐይቅ በአጭር ርቀት ይገኛሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅም ሆነ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል መቀመጫቸው እዚሁ ነው። ለእይታ ሥነ ሕይወት ጥናት ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። ዶሮ፣ ላምና ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ሦስቱም የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት፣ ማለትም ከደንደሴዎች ወገን ቢሆኑም አንዱ የሚያየውን ሌላው አያይም። ሬቲናቸው የሚሠራበት ኬሚስትሪ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚፈጥሩት የፕሮቲኑ ዓይነትና ብርሃኑ የሚያልፍበት ማጣሪያ ናቸው። ይህ ተግባራዊ ጥያቄ ያስነሳል፦ የዶሮ ቤት ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው፤ ሉክስ ደግሞ የተቀመረው ለሰው ዓይን ነው።

የጋራ መሠረት

የሬቲና ዋነኛ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት ሮዶችና በቀን ብርሃን ቀለም የሚለዩት ኮኖች። ይህን የሥራ ክፍፍል ጀርመናዊው ማክስ ሹልትዘ እ.ኤ.አ. በ1866 የቀንና የሌሊት አዕዋፍን ሬቲና አነጻጽሮ አመልክቷል።

በሁለቱም ሕዋሶች ውስጥ ኦፕሲን የተባለ ፕሮቲን ከቫይታሚን ኤ የሚገኘውን ሬቲናል አቅፎ ይይዛል። ብርሃን ሲያርፍበት ታጥፎ የነበረው ሬቲናል ይቃናል፤ ኦፕሲኑም ቅርጹን ለውጦ ትራንስዱሲን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ያነቃል። ትራንስዱሲን በበኩሉ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለውን መልእክተኛ ሞለኪውል የሚያፈርስ ኢንዛይም ያስነሳል። መልእክተኛው ሲመናመን ሶዲየም የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ የሕዋሱ ቮልቴጅ ከ-40 ሚሊቮልት ገደማ ወደ -70 ሊወርድ ይችላል፤ የሚለቀው ግሉታሜትም ይቀንሳል። ስለዚህ ሕዋሱ ኃይል እያወጣ የሚሠራው በጨለማ ነው፤ ብርሃን ሲመጣ ጸጥ ይላል። ቤይለር፣ ላምብና ያው እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት የጉርጥ ሮድ ለአንዲት ፎቶን እንኳ ምላሽ ይሰጣል።

ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ቀድሞ የሚታወከው የሮዶች ሥራ ነው። ዳፍንት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ለምለም ግጦሽ አጥተው በደረቅ መኖ ብቻ የከረሙ ከብቶችንም ይይዛል።

የዶሮ ማጣሪያ

የሰው ኮን ሦስት ዓይነት ነው። ዶሮ ግን አራት ዓይነት ነጠላ ኮኖች አሏት፤ ከሁሉ አብልጠው የሚቀበሉትም በቅደም ተከተል 415፣ 455፣ 508 እና 571 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ነው። ከእነዚህ ሌላ ጥንድ ኮኖችም አሏት። ትኩስ የዶሮ ሬቲና ተነጥሎ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲዘረጋ ቀይ፣ ቢጫና ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ተበትነው ይታያሉ። እነዚህ በየኮኑ ውስጥ ያሉ፣ ብርሃኑ ኦፕሲኑ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍባቸው የቅባት ጠብታዎች ናቸው። ቀዩ ጠብታ የ571ዱን ኮን፣ ቢጫው ደግሞ የ508ቱን ኮን ከአጭር ሞገድ ይከልላሉ፤ በዚህም ኮኖቹ አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዳይሻማ ያደርጋሉ።

የጠብታዎቹ ቀለም ካሮቲኖይድ ነው። ዶሮ ካሮቲኖይድን ከመኖዋ እንጂ ከራሷ አታገኝም። ካሮቲኖይድ በሌለው መኖ ያደጉ ድርጭቶች ጠብታቸው ቀለም አልባ ሆኖ መገኘቱ መኖ እስከ ሬቲና ድረስ እንደሚዘልቅ ያሳያል።

ሉክስ በአንጻሩ የቆመው ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1924 ባጸደቀውና ጫፉ 555 ናኖሜትር ላይ በሆነው የሰው ዓይን ጥምዝ ላይ ነው። በዚህ ስሌት የ415 ናኖሜትር ብርሃን ከምንም አይቆጠርም፤ ዶሮ ግን ለእሱ የተመደበ ኮን አላት። ሉክሳቸው እኩል የሆኑ ሁለት አምፖሎች ለዶሮዋ እኩል ላይደምቁ ይችላሉ።

ላምና ቆሮሶ

ላም ያሏት ኮኖች ሁለት ዓይነት ብቻ ስለሆኑ ቀይን ከአረንጓዴ ለመለየት ትቸገራለች። ጉድለቱን በሌሊት ትክሰዋለች፤ ከሬቲናዋ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን ሮዶች ሳይዙት ያለፈውን ብርሃን መልሶ ይልክላቸዋል። ማታ በባትሪ ሲበራባት ዓይኗ የሚያበራው በዚህ ሽፋን ነው። ዶሮና አሳማ ይህ ሽፋን የላቸውም።

የቆሮሶ ችግር ውሃው ነው። አልጌ የበዛበት ውሃ ሰማያዊውንና ቀዩን ብርሃን ይውጣል። ታሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት የተመለከቱት በቢሾፍቱ አካባቢ ያለው የአረንጓዴ ሐይቅ የዚህ ጽንፍ ነበር፤ ስፒሩሊና በተባለው አልጌ ብዛት የተነሳ ብርሃን አንድ ሜትር እንኳ ሳይወርድ ይመናመን ነበር። ቆሮሶ ከ360 እስከ 560 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን የሚቀበሉ ኦፕሲኖችን የሚያስገኙ ሰባት የኮን ኦፕሲን ጂኖች አሉት፤ ሲያድግ በብዛት የሚጠቀመው ግን በረጅም ሞገዶቹ ነው።

ከሬቲና ውጭ

ለእንቁላል ምርት ወሳኝ የሆነውን የቀን ርዝመት ዶሮ የምታነበው በዋናነት በዓይኗ አይደለም። ፈረንሳዊው ዣክ ቤንዋ በ1930ዎቹ እንዳሳየው ዓይን የሌላቸው ዳክዬዎችም ብርሃን ሲረዝምላቸው የመራቢያ አካላቸው ያድጋል። ብርሃን ተቀባዮቹ ያሉት በአንጎል ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ አካባቢ ነው። ቀይ ብርሃን ከሌላው ይልቅ የራስ ቅልን አልፎ እዚያ ይደርሳል። ቢሾፍቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ የእንቁላል ዶሮ አርቢዎች ቀኑን በመብራት እስከ 16 ሰዓት የሚያስረዝሙትም ለዚህ ነው።

መደምደሚያ

አንድ የዶሮ ቤት አምፖል ሁለት ሥራ አለው፤ ዶሮዋ መኖዋን እንድታይና እንድትጥል ማድረግ። የመጀመሪያውን ኮኖቿ፣ ሁለተኛውን የአንጎል ኦፕሲኖቿ ይዳኙታል፤ ሉክስ ሁለቱንም በትክክል አይመዝንም። ስለዚህ የመብራት ምክር ከሉክስ ቁጥር ጋር የሞገድ ርዝመት ስርጭትን ማካተት ይኖርበታል። ሁሉንም ደንደሴ የሚያስማማው የሬቲና ኬሚስትሪ ነው፤ የብርሃን መለኪያው ግን እንደየእንስሳው መለየት አለበት።