ካታሊቲክ ኮንቨርተር
ከሞተሩና ከማርሚታው መካከል፣ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ የሚገጠም ዕቃ። ማርሚታ ድምፅ ያፍናል፤ ይህኛው ግን መርዛማውን ጭስ ይለውጣል። ውስጡ የማር እንጀራ የመሰለ ሸክላ ነው፤ የተቀባበት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይራል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ያበላሸዋል፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች ያንን ቤንዚን በ1998 ዓ.ም. ተሰናብተውታል።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ደርሶ ጉልበት ያነሰው አሮጌ የቤንዚን መኪና፣ ሸክላው ቀልጦ ወይም ተሰባብሮ መውጫውን ዘግቶበት ሊሆን ይችላል። ውስጡ የተራገፈ ባዶ ቀፎ መፍትሔ አይደለም። ቅያሪ ሲገዛ የሞተሩ ሲሲ፣ የቱቦው ስፋትና የኦክስጅን ሴንሰሩ ቦታ ይመሳከር። ዘይት የሚበላ ወይም ካንዴላው በወጉ የማያቀጣጥል ሞተር ካለ ግን እሱ ይቅደም፤ አለዚያ አዲሱም ይቃጠላል።