ሁለቱ ለውዞች

አንድ ማታ ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ፣ በስኒ ተሰፍሮ በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ለውዝ እየቆረጠምን ስንጨዋወት፣ የአሮን በትር ነገር ተነሣ። በትሪቱ አብባ ለውዝ አፈራች ይላል መጽሐፉ። «ታዲያ ኦቾሎኒ መሬት ውስጥ አይደል እንዴ የሚያፈራው? እንዴት ብሎ በትር ላይ ይንጠለጠላል?» አለ አንዱ። ሳቅን። ግን እኮ አብዛኞቻችን ልጅ ሆነን የሣልነው ሥዕል ያው ነበር፤ ባለ ቅርፊት ኦቾሎኒ የተሸከመ ዱላ!

ነገሩ ከስም የመጣ ነው። የመጽሐፉ ለውዝ ዛፍ ነው። ዐረቦች ዛሬም «ለውዝ» ይሉታል፤ ግዕዝ «ከርካዕ» የሚል ቃል አለው። ያዕቆብ ወደ ግብፅ ከላከው ገጸ በረከት አንዱ የዚህ ዛፍ ፍሬ ነበር። የመቅረዙ ጽዋዎችም የተሠሩት በአበባው አምሳል ነው። ቤቴል ቀድሞ የምትጠራበት ሎዛ የሚለው ስም፣ ዛሬ በየሰፈሩ ሴት ልጅ የሚወጣላት፣ ከዚሁ ዛፍ ስም ጋር ይዛመዳል።

ኦቾሎኒ ግን ሌላ ነው። ዘመዶቹ ባቄላና አተር ናቸው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ አፍሪካ ያመጡት በ16ኛው ምዕተ ዓመት ፖርቱጋሎች ናቸው። አበባው ከመሬት በላይ ይፈካል፤ ከዚያ ከአበባው ሥር የሚወጣው ዘንግ ወደ ታች ወርዶ ፍሬውን አፈር ውስጥ ይቋጥራል። የባቢሌ ገበሬ ቆፍሮ የሚያወጣው ይህን ነው። እንግዳው እህል ስም ሲፈለግለት፣ ሕዝቡ የሚያውቀውን የቆየ ስም አለበሰው።

ይኼ የኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በዕብራይስጡ ያዕቆብ ከለውዝ ጋር «ቦትኒም» ልኳል፤ ያን ጊዜ ቃሉ የፒስታሽዮ ፍሬ ነበር። በዛሬዪቱ እስራኤል ግን «ቦትኒም» ማለት ኦቾሎኒ ነው። እዚያም እንግዳው የባለቤቱን ስም ወረሰ።

ለውዝ ራሱ በዕብራይስጥ «ሻቄድ» ይባላል፤ ፍቺው ከመንቃትና ከመጠበቅ ጋር የተያያዘ ነው። ሌላው ዛፍ ገና ሳይነቃ፣ በክረምታቸው ማብቂያ ቀድሞ ያብባልና። ኤርምያስ የለውዝ በትር ሲያይ፣ እግዚአብሔር ቃሉን ሊፈጽም እንደሚተጋ የነገረው በዚሁ የቃል ጨዋታ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ ለውዙንም ትጋቱንም አስቀምጧል፤ ሁለቱን ያሰረው ክር ግን ተበጥሷል። ለኦቾሎኒ በላተኛማ ጭራሽ አይታየውም።

ቃሉ በኑሮም ውስጥ ብዙ ቦታ ገብቷል። ዐረቡም ዕብራይስጡም የጉሮሮን እጢ፣ ቶንሲል የምንለውን፣ በለውዝ ስም ይጠሩታል፤ ቅርጹ ይመስላልና። ሾርባ ላይ የምትነሰነሰዋን ትንሽ ጥብስ ሊጥ እስራኤሎች «የሾርባ ለውዝ» ይሏታል። ደብተሩ ላይ ተደፍቶ የሚያመሸውን ተማሪ ደግሞ ከዚያው ሥር «ሻቅዳን» ይሉታል። የኛም «ትጉህ» እኮ እንዲሁ ነው፤ የነቃም ነው፣ የሚሠራም ነው።

ባለ ስኒዋን ሻጭ «ስሙን አስተካክዪ» አንላትም። ሕዝብ የሰየመው ስም ትክክል ነው፤ ለውዟም ለውዝ ናት። ዕዳው የኛ፣ የአንባቢዎቹ ነው። የቆየ መጽሐፍ ስንገልጥ፣ የምናውቀው የመሰለን ቃል ያኔ ምን ነበር ብለን ካልጠየቅን፣ በአሮን በትር ላይ ኦቾሎኒ እንደሰቀልን እንኖራለን። ለውዝ በነዚያ ሰዎች ዓይን የነቃ ዛፍ ነበር፤ አንባቢውም እንዲሁ ይንቃ።